ከስሜን በረዶ እስከ ዙላ ዳርቻ፦ የተተወች ወደብ ዳግም ነዋሪ ያገኘችባቸው ወራት

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ፣ ከተማውን ወደ ኋላው ትቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲጀምር ምድር ከእግሩ ሥር የተከፈተች ይመስለዋል። በስተቀኝ የስሜን አምባዎች እንደ ተሰነጠቀ ግንብ ቆመዋል፤ ከፊት ለፊት ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ እስከ ተከዜ ሸለቆ ይዘረጋል። ተማሪዎቻችንን ይዘን በዚያ ጥግ በቆምን ቁጥር አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸዋለን። ስለ ስሜን ተራሮች ከተጻፉትና እስከ እኛ ዘመን ከደረሱት ጽሑፎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ የት የተጻፈ ይመስላችኋል? አንዱ አክሱም ይላል፣ ሌላው ላሊበላ፣ ሦስተኛው ከአንድ ገዳም ብራና ላይ ይሆናል ብሎ ይገምታል። ባሕር ዳር፣ በወደብ ከተማ፣ በግሪክ ቋንቋ ነው ብሎ የመለሰ ተማሪ እስካሁን አልገጠመንም።

ያቺ ወደብ አዱሊስ ናት። ከደባርቅ በቀጥታ መስመር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዛሬይቱ ኤርትራ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ፍርስራሽዋ ይገኛል። የአክሱም መንግሥት የባሕር በር ነበረች፤ ከዚያም ተተወች፤ ከሺህ ዓመት በላይ በዝምታ ከኖረች በኋላ ደግሞ ለጥቂት ወራት ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እንግዶች በአጠገብዋ ሰፈሩባት። እነዚያን እንግዶች ወደዚያ ዳርቻ ከጠሩት ምክንያቶች አንዱ ደግሞ እዚሁ በደባርቅ አካባቢ የፈሰሰ ደም ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገራለን።

በድንጋይ የተጻፈ በረዶ

በስድስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ንጉሥ ካሌብ በቀይ ባሕር ማዶ ወዳለው የሒምያር ምድር ለመዝመት በሚዘጋጅበት ወቅት፣ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ገባ። ከከተማይቱ በር አጠገብ ከእብነ በረድ የተሠራ ዙፋንና ከኋላው የቆመ ጥቁር የባዝልት ሐውልት ነበሩ። ሁለቱም በግሪክ ጽሑፍ የተሞሉ ነበሩ። ንጉሡ የጽሑፉን ግልባጭ እንዲልክለት የአዱሊስን ገዥ አስባስን አዘዘው፤ አስባስም ሥራውን ለኮስማስና ሜናስ ለሚባል ጓደኛው ሰጠ። ኮስማስ አንድ ግልባጭ ለራሱ አስቀረና ከዓመታት በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ አሰፈረው።

ይህ ኮስማስ፣ ለፊዚክስ ሰዎች እንደ ማስጠንቀቂያ የሚጠቀስ ሰው ነው። መጽሐፉን የጻፈው ምድር ክብ አይደለችም፣ ዓለም በሙሴ ድንኳን አምሳል የተሠራች ናት ብሎ ለመከራከር ነበርና። ክርክሩ ዛሬ ፈገግታ ያጭራል። ነገር ግን ያው ሰው ዓይኑ ያየውን ሲጽፍ ጠንቃቃ ነበረ፤ በንድፈ ሐሳቡ የተሳሳተውን ያህል በምልከታው ታማኝ ነበረ። ለእርሱ ትጋት ባይሆን ኖሮ የአዱሊስ ጽሑፍ ዛሬ በእጃችን ባልኖረ ነበር፤ ዙፋኑም ሐውልቱም እስካሁን አልተገኙምና።

በሐውልቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ በሦስተኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለ ነገሠው ስለ ግብጹ ንጉሥ ሣልሳዊ በጥሊሞስና ከዚህ አካባቢ ስለ አስያዛቸው የጦር ዝሆኖች ይናገራል። በዙፋኑ ላይ የነበረው ግን ስሙ የጠፋ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ የድል ዝርዝር ነው። ንጉሡ ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል ስሜኖችን ይጠቅሳል። ከዓባይ ማዶ፣ ለመውጣት በሚያስቸግሩ ተራሮች ላይ እንደሚኖሩ፣ ሀገራቸው ዘወትር የበረዶና የውርጭ መሆኑን፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ይገልጻል። እዚህ ላይ ዓባይ የተባለው ተከዜ ነው። ተከዜ በአትባራ በኩል ወደ ዓባይ የሚገባ በመሆኑ የጥንቱ ጸሐፊ ገባሩን በዋናው ስም ጠርቶታል።

እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ! የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን በስሜን በረዶ የለም ብሎ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሄንሪ ሶልትና ናትናኤል ፒርስ ግን በዓይናችን አይተናል አሉ፤ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ተራሮቹን ያቋረጠው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔልም መሰከረ። እኛ በወረቀት ላይ እንመርምረው። አየር ወደ ላይ በወጣን መጠን በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በምጥዋ ዳርቻ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። የራስ ደጀን ጫፍ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ 4.5 በ6.5 ሲባዛ 29 ይሆናል። ስለዚህ አዱሊስ ላይ በላብ የተነከረ ወታደር የዚያን ተራራ ጫፍ ሲረግጥ፣ ውሃ ከሚረጋበት ነጥብ ብዙም ያልራቀ አየር ይጠብቀዋል ማለት ነው። ሌሊቱ ከዚያም በታች ይወርዳል።

የሀገራችን ሰው ከሰማይ ጠጥሮ የሚወርደውን በረዶ፣ በጧት ሣሩን የሚያነጣውን ደግሞ ውርጭ ይለዋል፤ ለሚበነው ለስላሳ በረዶ አመዳይ የሚል ቃል በመጻሕፍት አለ። በስሜን ከፍታዎች ክረምት ላይ ከሚወርደው ዝናብ ከፍ ያለው ድርሻ በበረዶ ጠጠር መልክ ነው፤ ነፋስና ጎርፍ ወደ ሸለቆ ጥግ ሲገፋው ተከምሮ ይቆያል። እንደ እኛ ግምት የንጉሡ ወታደሮች እስከ ጉልበታቸው የሰጠሙት በእንዲህ ያለ ክምር ውስጥ ይሆናል። ከቆላ የመጣ ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ ሲያወራ የሚጨምረውን ማጋነንም እንተውለት።

ባሕሩ ሲሸሽ

በአንደኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የቀይ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ፣ አዱሊስ ከባሕሩ 20 ስታድዮን፣ ማለትም ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ገባ ብላ እንደምትገኝ፣ ከእርስዋ እስከ አክሱም የስምንት ቀን መንገድ መሆኑን ይናገራል። የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የዔሊ ድንጋይ በዚያ ይወጣ ነበር። ከተማይቱ በሰባተኛው መቶ ዘመን ተዳከመች፤ ከዚያም ተተወች። ለምን? የቀይ ባሕር ንግድ መናወጡ አንዱ ምክንያት ነው፤ ቁፋሮዎች ያሳዩት የእሳትና የጎርፍ አሻራም አለ። ለእኛ ይበልጥ የሚስበን ግን ቀስ ብሎ የሚሠራው ነገር ነው። የሐዳስ ወንዝ ከአከለ ጉዛይ ከፍታዎች አፈር እየጠረገ ወደዚያ ዳርቻ ያወርዳል። ውሃው ፍጥነቱን ባጣበት ሥፍራ መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ በመጨረሻም ደለሉን ይጥላል። በሺህ ዓመት ውስጥ ባሕሩ ይሸሻል፤ ጥልቁ ዳርቻ ጥልቀት የሌለው ረግረግ ይሆናል።

ይህ የአዱሊስ ብቻ ዕጣ አይደለም። በዶን ወንዝ አፍ ላይ ግሪኮች የመሠረቷት ጣናይስ በሦስተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጎቶች በዘመቱበት ወቅት ተቃጠለች፤ ከመቶ ዓመት በላይ ባዶዋን ከቆየች በኋላ በአራተኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሌሎች ሰዎች ፍርስራሹ ላይ ጎጆ ቀለሱባት፤ በአምስተኛው መቶ ዘመን ግን ዳግመኛ ተተወች። ሰው የተዋትን ወደብ ለመመለስ ይሞክራል፤ ወንዙና ንግዱ ግን የሰውን ፈቃድ አይጠብቁም።

አዱሊስም ከተተወች በኋላ ፈጽማ አልተረሳችም። በ2022 የታተመ የቁፋሮ ጥናት በራዲዮካርቦን ዘዴ የሁለት አብያተ ክርስቲያናትን ዕድሜ ለክቷል። በሞተ ፍጡር ውስጥ ያለው ራዲዮካርቦን በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከቀረው መጠን ተነሥቶ ዘመኑን ማስላት ይቻላል። በውጤቱ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ከ400 እስከ 535 ባለው፣ ሁለተኛው ደግሞ ከ480 እስከ 625 ባለው ጊዜ ውስጥ መሠራታቸው ታወቀ። ከፈረሱ በኋላ ከሁለቱ አንዱን ሙስሊሞች የመቃብር ሥፍራ አድርገውታል። ሕያዋን የለቀቋትን ከተማ ሙታን ሲመለሱባት ማለት ነው።

ከደባርቅ የተነሣው ነገር

አሁን ወደ ስሜን እንመለስ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም መቀመጫቸው እዚሁ ስሜን ውስጥ ቢሆንም ዓይናቸው ከባሕሩ አልተነቀለም ነበር፤ በ1840ዎቹ ጦራቸው እስከ ምጥዋ ዳርቻ ወርዷል። በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ሥራውን የመራላቸው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር ነበር። ለራሳቸው ንግሥ ያዘጋጁት ያ ቤተ ክርስቲያን ግን ሌላ ሰው ነገሠበት። ውቤ በየካቲት 1855 እዚያው ደረስጌ ላይ ተሸነፉና ከሁለት ቀን በኋላ ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ተቀቡበት።

የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በ1860 በጎንደር አቅራቢያ በሸፍታው ጋረድ ሰዎች ቆስሎ ሞተ። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ጋረድን ሲገጥሙ የቅርብ ወዳጃቸውና ባለሟላቸው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ፣ ማለትም እንግሊዛዊው ጆን ቤል፣ በደባርቅ አካባቢ ተገደለ። ቴዎድሮስ የተማረኩትን የጋረድን ሰዎች በጅምላ አስፈጁ። ዛሬ ቅዳሜ ገበያው ሲደምቅ በደባርቅ ጎዳና የሚያልፍ ሰው ይህን አያስብም፤ የሚያስታውስ ምልክትም አላየንም። የሁለቱ እንግሊዛውያን ሞት በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ በተላከው ደብዳቤ ላይ ተነሥቷል። ደብዳቤው መልስ አጣ፤ አዲሱ ቆንስል ካሜሮን በ1864 ታሰረ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ተከተሉት። ከዚያም ለንደን ጦር ላከች። ጦሩ የሚያርፍበትን ዳርቻ የመረጡት መኮንኖች ከምጥዋ ደቡብ ያለውን የዙላን ባሕረ ሰላጤ ወሰኑ። ዙላ የሚለው ስም ራሱ የአዱሊስ ቅሪት እንደሆነ ብዙዎች ይስማማሉ።

ውሃ ከድንጋይ ከሰል

የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በጥቅምት 1867 ዙላ ወረዱ። ጄኔራል ናፒየር በጥር 1868 ሲደርስ ባዶው ዳርቻ ከተማ ሆኖ ነበር፤ መጋዘን፣ ድንኳን፣ የቴሌግራፍ ሽቦ፣ የመርከብ ማራገፊያ ድልድዮች፣ ከዳርቻው እስከ ተራራው ግርጌ እስከ ኩማይሌ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ የባቡር ሐዲድ። ከጂቡቲ የሚነሣው የእኛ ምድር ባቡር ሥራ የተጀመረው ከዚያ 30 ዓመት ያህል ቆይቶ መሆኑን ልብ ይሏል። ድልድዮቹ እንዲረዝሙ ያስገደደው ያው ከላይ ያልነው ደለል ነው፤ መርከብ ወደ ዳርቻው መጠጋት አልቻለም። ጥንታዊቷን ከተማ የገፋው ባሕር አዲሶቹንም ሰፋሪዎች ገፋቸው።

ትልቁ ጣጣ ግን የሚጠጣ ውሃ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከመርከብ የወረዱት በቅሎዎች በጥማትና በበሽታ በብዛት አልቀዋል። መፍትሔው የባሕሩን ውሃ በመርከቦቹ ማፍያ ጋን አፍልቶ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መልሶ ውሃ ማድረግ ነበር። ይህን ሥራ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዳባትና በደባርቅ አረቄ የሚያወጡ እናቶች በእሳት ላይ የተጣደው ድፍድፍ ተንኖ በመቃው ሲያልፍ በቀዝቃዛ ውሃ የሚያጠራቅሙት በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነቱ በመጠኑ ነው።

መጠኑን እናስላው። አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ከ30 ዲግሪ እስከ መፍያው ለማሞቅ ወደ 300 ኪሎ ጁል፣ የፈላውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ደግሞ ወደ 2,260 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ወጪው ማሞቁ ላይ አለመሆኑን አንባቢያችን ልብ ይበል፤ ውሃው ከፈላ በኋላ፣ ሙቀቱ ሳይጨምር፣ ወደ እንፋሎት በመለወጡ ብቻ የሚውጠው ሙቀት ነው የሚበዛው። ደህና የድንጋይ ከሰል በኪሎ 30,000 ኪሎ ጁል ይሰጣል እንበል፤ ከዚያ ውስጥ 60 በመቶው ለሥራው ቢደርስ፣ ከአንድ ኪሎ ከሰል ሰባት ሊትር ውሃ እናገኛለን። አንድ በቅሎ በዚያ ሙቀት በቀን 25 ሊትር ትጠጣ፤ ለ1,000 በቅሎዎች 25,000 ሊትር፣ ማለትም ከሦስት ቶን ተኩል በላይ ከሰል በየቀኑ። ከጦሩ ጋር የዘመቱት እንስሳት ከ40,000 በላይ፣ ወታደሮቹ 13,000 ያህል፣ ተከታዮቹ ከዚያ የሚበልጡ ነበሩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዙላ ላይ አልነበሩም እንጂ ቢኖሩ ኖሮ ወደቡ የሚያቃጥለው ከሰል ብቻ አንድ መርከብ በየጊዜው የሚያሠራ ይሆን ነበር። ዘመቻው ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መፍጀቱ ከዚህ አንጻር አያስገርምም።

ሌላም ዘዴ ነበራቸው። ጫፉ የሾለና የተበሳሳ የብረት ቧንቧ በመዶሻ መሬት ውስጥ እየመቱ፣ ውሃ ሲነካ በእጅ ፓምፕ መሳብ። ዘዴው በዘመቻው በመታወቁ በእንግሊዝ አገር እስከ ዛሬ «የአቢሲኒያ ጉድጓድ» ይባላል። በስማችን የሚጠራ፣ እኛ ግን የማናውቀው ፈጠራ! እንዲህ ያለ ፓምፕ ውሃውን አይስብም፤ የከባቢው አየር ግፊት ነው ከታች የሚገፋው። በባሕር ጠለል ግፊቱ ውሃን ቢበዛ ወደ 10 ሜትር ያነሣል። ደባርቅ ግን ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ግፊቱ ወደ 72 በመቶ ዝቅ ስለሚል ጣሪያው 7 ሜትር ከጥቂት ነው፤ በተግባርማ ከዚያም ያንሳል። ዙላ ላይ የሠራ ፓምፕ ደባርቅ ላይ እምቢ ቢል ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም። በዚሁ ምክንያት ውሃ ደባርቅ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሽሮው ቶሎ ቢፈላም ባቄላው ለመብሰል የሚዘገየው ለዚህ ነው።

ዝሆኖቹ

ከቦምቤይ በመርከብ ከመጡት እንስሳት መካከል 44 ዝሆኖች ይገኙ ነበር። የበጥሊሞስ ሐውልት ከዚህ አካባቢ ስለ ተወሰዱ ዝሆኖች ያወራል፤ የመርከበኞቹ መመሪያም ዝሆን አልፎ አልፎ አዱሊስ ዳርቻ ድረስ ብቅ ይል እንደነበር ጽፏል። በ1868 ግን ዝሆን ከሕንድ ተጭኖ ወደዚያው አሸዋ ወረደ። በሁለቱ መካከል ያለፈው ዘመን ከዚህ ይበልጥ በምን ይለካ?

ጦሩ በሰንዓፈና በአዲግራት አድርጎ ወደ ደቡብ ገሠገሠ፤ ሚያዝያ 13 ቀን መቅደላ ወደቀች፤ ቴዎድሮስም በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። በምሽጉ የነበረው ሀብት ተዘረፈ። ሀብቱን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ማስፈለጋቸው ተጽፏል። ለጎንደር ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቴዎድሮስ በ1866 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አስበርብረው መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን ወደ መቅደላ ወስደዋቸው ነበር። ከጎንደር አድባራት የወጣ ብራና ወደ መቅደላ፣ ከመቅደላ ወደ ዙላ፣ ከዙላ ወደ ለንደን። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ወደ ብሪታንያ ቤተ መዘክር ገቡ፤ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ስለዚህ ያቺ የወራት ወደብ ያስገባችው ዝሆንና ከሰል፣ ያስወጣችው ደግሞ የእኛን መጻሕፍት ነበር። እኛ ተማሪ ሆነን በውጭ አገር ሳለን የጎንደርን ሊቃውንት እጅ ጽሑፍ በመስታወት ውስጥ ስናይ የተሰማንን እዚህ አናትተውም።

ከተወሰደው ጥቂቱ ተመልሷል። በኤድንበራ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን የተገኘ ታቦት በ2002፣ የቴዎድሮስ የፀጉር ቁራጭ በ2019 ወደ አዲስ አበባ መጥተዋል። ብራናዎቹ ግን አሁንም እዚያው ናቸው።

ጦሩ በሰኔ 1868 ዙላን ለቀቀ። ሐዲዱ ተነቀለ፣ መጋዘኖቹ ተነሡ፤ ዳርቻው ከስምንት ወር ሁካታ በኋላ ወደ ዝምታው ተመለሰ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ጉድፌሎ የሚባል መኮንን በአዱሊስ ፍርስራሽ ላይ ጥቂት ቆፍሮ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅሪትና የእብነ በረድ ስብርባሪ አግኝቶ ነበር። በ1907 ጣሊያናዊው ፓሪቤኒ፣ በ1961 እና በ1962 ፈረንሳዊው አንፍሬ ቀጠሉበት፤ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የኤርትራና የጣሊያን ባለሙያዎች በጋራ ቆፍረዋል። አምዶች፣ መንገዶች፣ የወይን ማሰሮዎች ከአሸዋው ወጥተዋል። ስሜንን በበረዶዋ የሚጠራው የእብነ በረድ ዙፋን ግን ገና አልተገኘም። ተሰባብሮ ኖራ ሆኖም ይሆናል፤ የሐዳስ ደለል ሸፍኖትም ይሆናል። የሐዳስ ደለል ነገር ከሆነ፣ ዛሬ ከመሬት በታች የተቀበረን ድንጋይ ሳይቆፍሩ በኤሌክትሪክ መቋቋምና በራዳር ሞገድ መፈለግ የሚቻል ነው፤ ጥቁሩ የባዝልት ሐውልት ደግሞ መግነጢሳዊ ባሕርይ ያለው በመሆኑ ከአካባቢው ደለል ተለይቶ በመሣሪያ ሊታይ ይችላል። ሁለቱ አንድ ላይ ቆመው ነበርና፣ አንዱን ያገኘ ሌላውን ከአጠገቡ ይፈልጋል።